ሐይቅ እስጢፋኖስ ዱሮ በምን ነበር የሚሻገሩት?

ጠያቂ፦ ሰላም የወሎ ልጆች። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ድሮ ደሴት ላይ ነበር ይባላል። ዛሬ እኮ በእግር ይገባል! ያኔ በምን ነበር የሚሻገሩት?

የደሴው፦ አብሽር ወንድሜ፣ እውነት ነው። ውሃው ሲሸሽ ነው ከየብሱ የተያያዘው። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ የመጣው ፖርቹጋላዊ ቄስ አልቫሬዝ የመነኮሳቱን መሻገሪያ ጽፎታል። ምንጣፍ የሚሠራበትን ቄጠማ ከእንጨት ጋር ጥብቅ አድርገው ያስሩና አራት ትልልቅ ቅሎች በየማዕዘኑ ያንጠለጥላሉ፣ በቃ ጀልባው ያ ነው። እኔ በበኩሌ አልሳፈርም 😂

ሌላ መላሽ፦ የኢማም አሕመድ (የግራኝ አሕመድ) ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ1531 ሲደርስም ዙሪያው ውሃ ነበር። ለመሻገር መንሳፈፊያ መሥራት ግድ ሆኖባቸዋል።

የሐይቋ፦ ለመሄድ ያሰባችሁ እህቶች፣ የወንዶቹ ገዳም ሴት አያስገባም፤ በከንቱ እንዳትደክሙ።