የአንባቢ ማስታወሻ ከቦታው እንዳይናወጥ፦ የጋራ ሐሳባችን ሁለተኛ ረቂቅ

አስተባባሪ፦
ውድ አባላት፣ በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ የሰጣችሁትን አስተያየት አንብቤያለሁ። ለአሳታሚዎችና ለአፕ ሠሪዎች የምናቀርበው ሐሳብ መልክ እየያዘ ነው። ሁለት ነጥብ ላይ ግን ገና አልተስማማንም። እነሱን እዚህ እንጨርስ።

አዲስ ለገባችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ዲጂታል ሰነድ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር መርጠን ማስታወሻ ስንጽፍ ሶፍትዌሩ ቦታውን መያዝ አለበት። ቀላሉ መንገድ ፊደል መቁጠር ነው፤ «ከ1200ኛው እስከ 1230ኛው» ብሎ ይመዘግባል። ሰነዱ ካልተነካ ችግር የለም። ከላይ 40 ፊደል ከተጨመረ ግን ማስታወሻው ሄዶ የማይመለከተው አንቀጽ ላይ ቁጭ ይላል።

የእኛ ጽሑፍ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ብዙ ሰው አራት ነጥብ የሚጽፈው ሁለት ነጥብን ደጋግሞ በመምታት ነው። ለዓይን ያው ነው። ለኮምፒዩተር ግን «።» አንድ ምልክት ሲሆን «፡፡» ሁለት ነው። አራሚው ሰነዱን ሲያጸዳ ሁሉንም ወደ «።» ከለወጠው፣ በየዓረፍተ ነገሩ ቆጠራው በአንድ ይቀንሳል። መቶ ዓረፍተ ነገር ካለፈ በኋላ ያለ ማስታወሻ በመቶ ፊደል ተንሸራቷል ማለት ነው። አንድም ቃል ሳይለወጥ!

ስለዚህ የዌብ ደረጃዎችን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ማኅበር ደብሊው ስሪ ሲ እ.ኤ.አ. በ2017 ባጸደቀው የዌብ ማስታወሻ ደረጃ ላይ እንመሥረት የሚለው ሐሳብ ይጽና። ደረጃው ከቁጥሩ ሌላ የተመረጠውን ጽሑፍ ራሱን፣ ከፊቱና ከኋላው ካለው ጥቂት ጽሑፍ ጋር ለመያዝ ያስችላል። ዌብ ገጽ ላይ ማስታወሻ የሚጻፍበትን ሃይፖቴሲስን የመሰሉ መሣሪያዎች በዚህ መንገድ ይሠራሉ። ቁጥሩ ቢሳሳት ጽሑፉን ይፈልጋሉ፤ ጽሑፉ ትንሽ ቢለወጥ ደግሞ የሚቀራረበውን።

አንዱ ያልጨረስነው የሆሄው ጉዳይ ነው። አንዱ «ዓመት»፣ ሌላው «አመት» ይጽፋል። ኮምፒዩተሮች ለእያንዳንዱ ፊደል የጋራ ቁጥር የሚይዙበት ዩኒኮድ የተባለው ሥርዓት ሀ፣ ሐ እና ኀን የተለያዩ ፊደላት አድርጎ ነው የሚያያቸው፤ የራሱ የማስተካከያ ደንብም አንድ አያደርጋቸውም። እኔ የምለው፣ በፍለጋ ጊዜ ብቻ ሞክሼዎቹ፣ ማለትም ድምፃቸው አንድ የሆነው ፊደላት፣ እንደ አንድ ይቆጠሩ። የሰነዱ ጽሑፍ አይነካ።

የግዕዝ ጽሑፎች ላይ የሚሠሩ አባል፦
ለአማርኛ እስማማለሁ። ለግዕዝ ግን በጭራሽ። «ሠረቀ» ፀሐይ ስትወጣ ነው፤ «ሰረቀ» ሌብነት ነው። ሁለቱን የሚያምታታ መሣሪያ የአንባቢን ማስታወሻ ከማይገናኘው ቃል ጋር ያገናኘዋል። አማርኛና ግዕዝ ጎን ለጎን የሚታተምባቸው የአንድምታ መጻሕፍት አሉንና፣ ቋንቋው በየአንቀጹ ምልክት ይደረግበት። ለመጽሐፉ ባንድነት መስጠት አይበቃም።

አስተባባሪ፦
ተቀብያለሁ፣ ይግባ። እናመሰግናለን ጋሼ።

የሕግ ባለሙያዋ አባል፦
እኔን የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ያልጨረስነው ነጥብ፣ «የሚቀራረበውን ይፈልጋሉ» የተባለው ነው። አንድ ረቂቅ መመሪያ «አቤቱታ በ30 ቀን ውስጥ ይቀርባል» ይላል እንበል። አንዲት አንባቢ «ይህ ገጠር ላለ ሰው አይበቃም» ብላ ጻፈችበት። አዘጋጆቹ ሰምተው 60 ቀን አደረጉት። የተለወጠው አንድ አሃዝ ብቻ ነውና ሶፍትዌሩ ማስታወሻዋን አዲሱ ላይ ለጠፈው። አሁን የሚያነብ ሰው 60 ቀንም አይበቃም ያለች ይመስለዋል። የጠፋ ማስታወሻ ያናድዳል። ያለቦታው የተለጠፈ ግን ሰውን ያላለውን ያስብላል። ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ብትሉኝ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

ሶፍትዌር ሠሪው አባል፦
እህቴ ልክ ነሽ፤ ማስተካከያውም ከባድ አይደለም። የሆሄና የሥርዓተ ነጥብ ልዩነት ይታለፍ። ቁጥር፣ ቀን ወይም አፍራሽ ግሥ ከተለወጠ ግን ማስታወሻው በራሱ አይለጠፍ። «ይፈቀዳል» ወደ «አይፈቀድም» ሲዞር በሚለወጡት ፊደላት ብዛት ትንሽ ነው፤ ለአንባቢ ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው። ቁጥርና ቀኑን ማሽን በቀላሉ ይለያል። አፍራሹን ሁሉ ይይዛል ብዬ ግን ቃል አልገባም። ስለዚህ በተጠራጠረ ቁጥር ለጸሐፊዋ ይላክ፤ እሷ ትወስን።

አንድ ነገር ልጨምር። ፊደላችን ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በየፎንቱ በተለያየ ኮድ የተጻፉ ሰነዶች ወደ ዩኒኮድ ሲገለበጡ፣ ገጹ ያው መስሎ ውስጡ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል። ማስታወሻው የያዘውን ጥቅስም አብሮ መገልበጥ ግድ ነው።

አስተባባሪ፦
እንግዲህ የሐሳባችን ዋና አንቀጽ እንዲህ ይነበብ፦

«ማስታወሻ በቁጥር ብቻ ሳይሆን በተጠቀሰው ጽሑፍና በዙሪያው ባለው ይያዝ። የአማርኛ ሞክሼ ሆሄያትና የነጥብ ልዩነት በፍለጋ ጊዜ ይታለፍ፤ የግዕዙ አይታለፍ። ትርጉም የሚነካ ለውጥ ሲኖር ማስታወሻው ያለጸሐፊው ፈቃድ አዲሱ ጽሑፍ ላይ አይለጠፍ። ቦታ ያጣ ማስታወሻ አይሰረዝ፤ ከመጀመሪያው ጥቅስና ቀን ጋር ለብቻው ይቀመጥ። አሳታሚውም የቀደመውን እትም ከነቀኑ ያቆይ።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ትናንሽ አሳታሚዎችን ወጪ ሊያስወጣ እንደሚችል ይገባኛል። እኔ ግን አልለቀውም፤ የድሮው እትም ከሌለ ማስታወሻው ስለምን እንደተጻፈ የሚያሳይ ነገር አይኖርም። በዚህ የማይስማማ ካለ እስከ ዓርብ ማታ ምክንያቱን ጨምሮ ይጻፍልን። ቅዳሜ ለቦርዱ እልካለሁ።