የሰው ጭንቀት እኔ ላይ ሲቀር ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ መጋላ አካባቢ ፀጉር ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ሴቶች ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ሆዳቸውን ይከፍቱልኛል። አንዷ ስለ ፍቺዋ፣ ሌላዋ ስለታመመ ልጇ። መስማቱን አልጠላም፣ እንዲያውም እወደዋለሁ። ችግሩ እነሱ ቅልል ብሏቸው ሲሄዱ ጭንቀቱ እኔ ላይ ይቀራል። ማታ ደረቴን ይጫነኛል፣ እንቅልፍም እምቢ ይላል።

ኢሌን አሮን የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ እንደኔ ስሜታቸው ቶሎ ስለሚነካ ሰዎች አጥንታለች። በሽታ ሳይሆን ተፈጥሮ ነው ትላለች። ይህን ሳነብ ተጽናናሁ።

ለመረጋጋት የ5-4-3-2-1 ዘዴን ይዣለሁ፦ 5 የሚታዩ ነገሮች፣ 4 የሚዳሰሱ፣ 3 የሚሰሙ፣ 2 የሚሸቱ፣ 1 የሚቀመስ ነገር በየተራ ልብ ብዬ እቆጥራለሁ። ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ጥላ ሥር ስሄድ በጣም ይረዳኛል። ፀጉር ቤት ውስጥ ግን፣ በዚያ በግንቦት ሙቀት፣ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ እየጮኸ ድምፅ መቁጠር ጭራሽ ያጨናንቀኛል። ትንፋሽን ቀስ ብሎ ረዘም አድርጎ ማስወጣት ይሻላል፤ እሱንም ወሬው ሲጦፍ እረሳዋለሁ።

ቤት ስገባ ደግሞ ጎረቤት ለቡና ይጠራኛል። እውነት ለመናገር፣ ያን ሰዓት ዝም ብዬ ብቀመጥ ነው የምፈልገው። ብቀር ግን “ኮራች” ይሉኛል፣ እናቴም ትቀየማለች።

እጃችሁ ሥራ ላይ እያለ ራሳችሁን የምታረጋጉት እንዴት ነው? ቡናውንስ ሰው ሳላስቀይም እንዴት ልቅር? እባካችሁ “ቻይው” ብቻ አትበሉኝ። ድሬ ውስጥ ጥሩ የሥነ ልቦና አማካሪ የምታውቁም ጠቁሙኝ።