ሐዋሳ፦ ጋራዥ ውስጥ ያሉ ጫጩቶችን ማሞቅ ካርድ ጨረሰብኝ፣ ምን ይሻለኛል?

ታቦር ሥር (ጠያቂ)፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው ያለሁት። ግቢያችን ውስጥ መኪና የሌለው ጋራዥ አለ። ስፋቱ 4 ሜትር በ6 ሜትር ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያውና በሩ ቆርቆሮ። ኮርኒስ የለውም። 200 የአንድ ቀን ጫጩት ገዝቼ እዚያ አስገብቻለሁ። ዝርያቸው ሳሶ ነው።

ቀን ችግር የለም፤ የሐዋሳን ፀሐይ ታውቁታላችሁ። ጉዱ ማታ ነው። ኅዳር ገብቶ ሰማዩ ጥርት ሲል ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። ባለ 2000 ዋት ሂተር ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት አበራለሁ። ክፍሉ ግን ሞቀ አይባልም። ጫጩቶቹ ጥግ ይዘው ተደራርበው ሲንጫጩ ያድራሉ። የቆጣሪው ካርድ ደግሞ ሞላሁት ስል ያልቃል።

ሂተሩን ትቼ ወደ ከሰል ልዙር? ወይስ ጣሪያውን ኮርኒስ ላሠራ? የቱ ነው ወጪው የሚቀለው? ባለቤቴ “ሽጫቸው” እያለኝ ስለሆነ እሱን መልስ እዚህ አትድገሙብኝ።

ቆጣሪ አንባቢ፦

እህቴ፣ ሒሳቡን እናስቀድም። 2000 ዋት ማለት በሰዓት 2 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 13 ሰዓት ሲበራ በአንድ ሌሊት 26 ይሆናል። አራት ሳምንት እንዲህ ከቀጠልሽ 728 ኪሎዋት ሰዓት ለጫጩት ብቻ ማለት ነው። የቤት ታሪፍ ደረጃ ደረጃ አለው። እስከ 50 የሚጠቀም በትንሹ ይከፍላል፣ ከ500 ያለፈ ከፍተኛው እርከን ላይ ይወጣል። ስለዚህ ሂተሩ ራሱን ብቻ አይደለም የሚያስከፍልሽ። የምጣዱንና የፍሪጁንም ዋጋ ይዞ ይወጣል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ስለሆነ ብሩን አልጽፍልሽም። ደረሰኝሽ ላይ ያለውን ዋጋ በኪሎዋት ሰዓቱ አባዢው።

ሂተሩ ቴርሞስታት (ክፍሉ ሲሞቅ ራሱ የሚያጠፋው ነገር) ቢኖረውም እዚያ ክፍል ውስጥ አይጠፋም። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ላይ ደግሞ ባዶ ቆርቆሮ ነው። በዚያ ላይ በቆርቆሮው በር ሥር ንፋስ ይገባል። በተቀደደ ማዳበሪያ እህል እንደ መስፈር ነው።

“ቆጣቢ ሂተር” ብለው ሌላ እንዳይሸጡልሽ። ያው ሽቦ እስከሆነ ድረስ 1 ኪሎዋት የበላ ሂተር 1 ኪሎዋት ሙቀት ነው የሚሰጠው፣ ርካሹም ውዱም። ልዩነቱ ሙቀቱ የት ያርፋል የሚለው ነው። አንቺ ደግሞ የምታሞቂው ጋራዡን ነው። ጫጩቶቹ ከወለሉ ስንዝር ከፍ አይሉም!

ሰፈር አቶቴ፦

አምፖል አንጠልጥይባቸው በቃ። ኢኮኖሚ አምፖል ካደረግሽ ካርድ አይበላም።

ቆጣሪ አንባቢ፦

አቶቴ፣ የማይበላ አምፖል አያሞቅም። 9 ዋት ኤልኢዲ ጫጩት ያሳያል እንጂ ምንም አያደርግላትም። የሚፈለገው የድሮው ባለ ክር 100 ዋት ወይም ቀዩ 250 ዋት ኢንፍራሬድ ነው። ቀዩ ይሻላል። ጨረሩ አየሩን ሳይሆን ያረፈበትን ገላና ወለል ነው የሚያሞቀው።

አባ ጫጩት፦

ልጄ፣ ልጁ የነገረሽ ልክ ነው፣ ጋራዡን እርሺው። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ ይኸው ነው፤ ጫጩት ሳላሳድግ ያለፈኝ ዓመት የለም።

ከችፑድ ወይም ከወፍራም ካርቶን ክብ አጥር ሥሪላቸው። ቁመቱ ከጉልበት አይለፍ። ለ200 ጫጩት 3 ሜትር ያህል ወርድ ይበቃል። ክብ የምልሽ በምክንያት ነው። ጥግ ካለ ይደራረባሉ፣ ከሥር ያለው ታፍኖ ይሞታል። ወለሉ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ የአንድ ጣት ርዝመት የሚያህል ውፍረት አድርገሽ አንጥፊ። ደቃቁን ሰጋቱራ ግን ተይው፣ መኖ መስሏቸው ይለቅሙታል። ብሎኬትና ሲሚንቶ ሙቀት ይጠጣል፣ ባዶ ወለል ላይ በፍጹም አታሳድሪያቸው።

ሁለት ቀይ አምፖል መሐል ላይ አንጠልጥይ። ከወለሉ ግማሽ ሜትር ገደማ ከፍ ይበል። ማታ ማታ ከክቡ በላይ ንጹሕ የእህል ጆንያ እንደ ድንኳን ዘርጊ፣ አምፖሉን ግን እንዳይነካ፣ ራቅ ይበል። ዙሪያውንም ሙሉ በሙሉ አትዝጊ። ያ ድንኳን ነው ኮርኒስሽ። ለአራት ሳምንት ብለሽ ጋራዥ ኮርኒስ ማሠራት ምን ይሉታል?

ደግሞ ቴርሞሜትር ግዢ። ግድግዳ ላይ አይሰቀልም፤ ጫጩቷ ጀርባ ከፍታ ላይ ነው የሚቀመጠው። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይሁን። ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ገደማ ቀንሺ። አምፖሉን ከፍ ስታደርጊው ይቀንሳል፣ ሌላ ጥበብ የለውም። በአምስተኛው ሳምንት ላባ ያለብሳሉ፣ ያኔ የሐዋሳ ሌሊት ብዙ አያሳስባቸውም።

ታቦር ሥር፦

አባቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቴርሞሜትሩን በር አጠገብ ነበር የሰቀልኩት፣ ዛሬውኑ አወርደዋለሁ። ሁለት አምፖል ስንት ይፈጃል? ከሰሉስ? እዚህ ሰፈር ብዙ ሰው በከሰል ነው የሚያሳድገው።

ቆጣሪ አንባቢ፦

ሁለቱ 500 ዋት ነው። በ13 ሰዓት ሌሊት 6.5 ኪሎዋት ሰዓት፤ ከሂተሩ ሩቡ። የመጀመሪያውን ሳምንት ቀን ላይም ጠዋትና ደመና ሲሆን ትፈልጊዋለሽ፣ ያን ጨምሪበት። ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ እኩለ ቀን ላይ ማጥፋት ይቻላል።

አምፖሉን በራሱ ሽቦ አታንጠልጥይው። በሰንሰለት እሰሪው። ሆልደሩ የሸክላ ይሁን፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ፍቅፋቂ ላይ የወደቀ 250 ዋት አምፖል ቤት ያቃጥላል። ከኤክስቴንሽን ላይ ሌላ ነገር አትሰኪ። ካርዱንም ከመተኛትሽ በፊት እዪው፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ካለቀ ማን ይሞላልሻል?

ነገሌ መንገድ፦

እኔ ከአርሲ ነገሌ ነኝ። ከሰል እኛ ጋ ርካሽ ስለሆነ በእሱ ነው የማሳድገው። መብራት ሲጠፋ የሚጨነቀው ባለ አምፖሉ ነው። የሸክላ ማንደጃ ላይ አቀጣጥዬ፣ ጭሱ ውጭ ከወጣለት በኋላ አስገባዋለሁ። ዙሪያውን በሽቦ ወንፊት እከልለዋለሁ፣ ጫጩቶች እንዳይገቡበት። ከሰል ባለበት ሰው በደንብ ይተኛል እንጂ ካርድ አይቆጥርም።

የእንስሳት ጤና፦

ነገሌ፣ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አውርዳት ባልልህም፣ እባክህን ሰው ተረድቶህ እንዳያደርጋት። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ስለጠፋ መርዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። ጫጩትም ሰውም ይገድላል። በተዘጋ ቤት በከሰል ያለቀ ቤተሰብ ሁላችንም ሰምተናል። ጋራዡ ከመኝታ ቤት ጋር በር የሚጋራ ከሆነ ጭራሽ አይሞከርም።

ታቦር ሥር፣ ከሰል የግድ ከሆነብሽ ከላይ በኩል አየር መውጫ፣ ከታች በኩል መግቢያ ይኑር። ማንም ሰው እዚያ ውስጥ አይደር። መውጫ ስትከፍቺ ደግሞ ሙቀቱም ይወጣል። ርካሽ ነው ሲባል ይህ አይቆጠርም።

ቆጣሪ አንባቢ፦

እሱን እኔ ላስላ። አንድ ኪሎ ደረቅ ከሰል ሙሉ በሙሉ ሲነድ ወደ 8 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት አለው። ግማሹ በመስኮት ወጣ እንበል፣ 4 ይቀርሻል። እንግዲህ ሠፈርሽ ያለውን ማዳበሪያ ከሰል አስመዝኚ። በዓይን አትገምቺው፣ አቧራና ውኃ አብሮ ይሸጣል። የአንድ ኪሎውን ዋጋ ከ4 ኪሎዋት ሰዓት መብራት ጋር አወዳድሪ። ከተማ ውስጥ ለምትገዢው ሰው መብራቱ የሚያሸንፍ ይመስለኛል። ነገሌ ላይ ግን ላያሸንፍ ይችላል፣ ወንድማችንም ያለ ነገር አልተናገረም።

እኔ ብሆን፦

ይቅርታ አድርጊልኝና፣ የአንድ ቀን ጫጩት ለቤት ሰው አይሆንም። 45 ቀን ያደገ ገዝተሽ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ የለም። ዋጋው ይወደዳል፣ ግን ማሞቂያውን፣ የሚሞተውንና እንቅልፍሽን ስትደምሪበት ያው ነው።

ታቦር ሥር፦

ለሚቀጥለው አስብበታለሁ። አሁን ግን አሉ፣ ይንጫጫሉ።

አባ ጫጩት፦

ልጄ፣ የሳር ሳጥኑን ሳልነግርሽ። እዚሁ አገራችን ተሞክሮ በግብርና ባለሙያዎች ሲሰጥ የኖረ ዘዴ ነው። መብራት አይፈልግም፣ ከሰል አይፈልግም። የጫጩቶቹን የራሳቸውን ሙቀት ነው የሚይዘው።

ሁለት ሳጥን ነው፤ ትንሹ ትልቁ ውስጥ ይገባል። በመሐላቸው ያለውን ክፍተት በደረቅ ሳር ወይም በጭድ ጠቅጠቅ አድርገሽ ትሞይዋለሽ። ክዳኑ በጭድ የተሞላ ጆንያ ነው፣ ልክ እንደ ትራስ። ጎኑ ላይ አየር የሚገባበት ቀዳዳ አይረሳም። ቀን ከሳጥኑ ጋር በተያያዘ የሽቦ አጥር ውስጥ ይሮጣሉ፣ ይበላሉ። ሲመሽ ታስገቢያቸዋለሽ። በአንድ ሳጥን 50 ገደማ ነው የሚያዘው፣ ለአንቺ አራት ያስፈልግሻል። አናጺ አያስፈልግም፣ የአሮጌ ፓሌት እንጨት ይበቃል።

እኔ የመጀመሪያውን ሳምንት በአምፖል አሳድራለሁ፣ ከዚያ ወደ ሳጥን አዛውራለሁ። ከጅምሩ በሳጥን የሚያሳድጉም አሉ፣ እኔ ግን በኅዳር አልደፍርም። ጭዱ በረጠበ ቁጥር ይቀየር።

የእንስሳት ጤና፦

ሳጥኑ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሰው ብርድ ፈርቶ ሁሉን ቀዳዳ ይደፍናል። ጠዋት ገብተሽ ዓይንሽን የሚለበልብ ሽታ ከተቀበለሽ አሞኒያ ነው፣ ቤቱ ታፍኗል። ምንጣፉ ሲረጥብ ደግሞ ኮክሲ (ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታ) ይመጣል። ደም የቀላቀለ ኩስ ካየሽ ጊዜ አትስጪው። ስለ ሙቀቱ ከቴርሞሜትሩ ይልቅ ጫጩቶቹን እመኚ። አምፖሉ ሥር ከተከመሩ በርዷቸዋል። ከአምፖሉ ሸሽተው አፋቸውን ከፍተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል። ሁሉም አንድ ጎን ላይ ከተጣበቁ ከሌላው ጎን ንፋስ እየገባ ነው፣ ያን ጊዜ ሙቀት አትጨምሪ፣ ንፋሱን ፈልጊ። ተበታትነው ጸጥ ብለው ከተኙ አንቺም ተኚ። የፈንግል ክትባታቸውንም አታሳልፊ፣ በብርድ የተጎዳ ጫጩት በሽታ አይችልም።

ታቦር ሥር፦

ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ካርቶኑን ክብ አድርጌ ቀዩን አምፖል ሰቅያለሁ፣ በሩ ሥር አሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ አስቀመጥኩ። ለካ ያ ሁሉ ጥግ መያዝ ከበሩ ንፋስ ነበር። አሁን ተበታትነው ይተኛሉ። ወለሉ ላይ 33 ያሳያል፣ ክፍሉ ግን ለእኔ ጋቢ ያስፈልገዋል። ሂተሩን ወደ ሳሎን መልሼዋለሁ። ባለቤቴም ሽጫቸው ማለቱን ትቶ “እንቁላል መቼ ነው?” እያለ ነው።

የቀረኝ ጭንቀት መብራት ነው። ሌሊት ቢጠፋ ምን ላድርግ? ጀነሬተር የለኝም።

ነገሌ መንገድ፦

ጀሪካን! በዚህስ ዶክተሯም አትጣላኝም።

ቆጣሪ አንባቢ፦

አዎ፣ ሒሳቡም ይገጥማል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ 80 ዲግሪ የሞቀ ውኃ እስከ 40 ሲቀዘቅዝ ወደ 1 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት ይሰጣል። አንድ ቀይ አምፖል ለአራት ሰዓት ያህል እንደበራ ቁጠሪው። የፈላ ውኃ ግን አትሙዪበት፣ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል። ሁለት ጀሪካን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለሽ መሐል ላይ አጋድሚ። የጆንያ ድንኳኑንም ዝቅ አድርጊው፣ አምፖሉ ስለጠፋ አያቃጥለውም። መብራት ሲመጣ ግን መጀመሪያ ድንኳኑን ከፍ አድርጊ። ስለዚህ መብራት እንደጠፋ ማብሪያ ማጥፊያውን ዝጊው፣ ተኝተሽ ሳለ እንዳይበራብሽ።

ታቦር ሥር፦

ውኃውን ምሽት ላይ አሙቄ በፔርሙስ ባቆየውስ?

አባ ጫጩት፦

አንድ ፔርሙስ ለ200 ጫጩት አይበቃም፣ ለቡናሽ አቆዪው። ትልቅ ድስት ውኃ ከእራት በኋላ በከሰል ላይ፣ ደጅ ጥደሽ ተኚ። ከሰሉ ሲያልቅም ውኃው ለብ ብሎ ይቆያል፣ መብራት ከጠፋ ለማሞቅ ጊዜ አይወስድብሽም። ካልጠፋም ጠዋት መጠጫዎቻቸውን ታጥቢበታለሽ።

ታቦር ሥር፦

እሺ አባቴ። ጀሪካኑ ላይ ቢወጡበትስ?

አባ ጫጩት፦

ይውጡበት። ጨርቁን ግን ጠዋት እጠቢው።