ሰው ማሳቅና ማስደንገጥ ያንሳል እንዴ?

ጠያቂዋ፦
በዚህ ሳምንት ሦስት ፊልም አየሁ። አዲስ አይደሉም፣ እኔ ግን አይቻቸው አላውቅም ነበር። አክሽኑ የ2015ቱ «ማድ ማክስ፦ ፊውሪ ሮድ» ነው። ሆረሩ የ2018ቱ «ሄሬዲተሪ»። ኮሜዲው የ1993ቱ «ግራውንድሆግ ዴይ»። ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ስለ ሦስቱም ለጓደኛዬ በጉጉት አወራሁለት። አዳመጠኝ፣ አዳመጠኝና «ቁም ነገር ያለው ፊልምስ አላየሽም?» አለኝ። ነገሩ ከነከነኝ።

ግራውንድሆግ ዴይን ላላያችሁ፦ አንድ የአየር ሁኔታ ዘጋቢ በአንዲት ትንሽ ከተማ ያንኑ ቀን ደጋግሞ ይኖራል። ሲነሳ ሬዲዮው ላይ ያው ዘፈን። መንገድ ላይ ያው ኢንሹራንስ ሻጭ። ከዚያ እግሩ ያው የታቆረ ውሃ ውስጥ ይገባል። ግን ዘጋቢውን የሚጫወተው ቢል መሪ ያንን ሻጭ በየቀኑ ሲያገኘው ፊቱ አንድ አይደለም። መጀመሪያ ግራ ይገባዋል። ቀጥሎ ይሸሸዋል። አንድ ቀን በቡጢ ይለዋል። እኛ እየሳቅን ነው፣ ሰውዬው ግን ዓይናችን እያየ ተስፋ እየቆረጠ ነው። ይሄ ቁም ነገር ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ፊልሙ ለኦስካር በአንድም ዘርፍ አልታጨም። ሄሬዲተሪም እንደዚያው። ማድ ማክስ በ10 ዘርፍ ታጭቶ 6 ወሰደ፤ ስድስቱም ግን የኤዲቲንግ፣ የድምፅ፣ የአልባሳት፣ የሜካፕና የመሳሰሉት ናቸው። የምርጥ ፊልም ሽልማቱ ለ«ስፖትላይት» ሄደ። እኔ እነዚህ ሦስት ዘውጎች እየተናቁ ነው ባይ ነኝ። እናንተስ?

ሚዛን፦
አልስማማም። የተናቀ ነገር በሩ ይዘጋበታል። እዚህ ግን በሩ ተዘግቶ አያውቅም። «ዘ ኤክሶርሲስት» ገና ያኔ፣ የ1973 ፊልም ሆኖ፣ በ10 ዘርፍ ታጭቷል። «ዘ ሳይለንስ ኦቭ ዘ ላምብስ» በ1992 ምርጥ ፊልምን ጨምሮ 5ቱን ትልልቅ ሽልማቶች ጠራርጎ ወሰደ። «ጌት አውት» በ2018 የምርጥ ድርሰት ኦስካር አገኘ። በ2023 ምርጥ ፊልም የሆነው «ኤቭሪቲንግ ኤቭሪዌር ኦል አት ዋንስ» ኩንግ ፉም ኮሜዲም ነበረበት፤ ሰባት ሽልማት ይዞ ነው የወጣው።

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። የነዚህ ዘውጎች አብዛኛው ምርት ሰነፍ ነው። ሆረሩ ፀጥ ይልና በድንገት በከፍተኛ ድምፅ ይጮህብሃል። ያ ፍርሃት አይደለም፣ ድንጋጤ ነው። በር በኃይል ቢዘጋም ሰው ይደነግጣል። አክሽኑ ካሜራውን ያንቀጠቅጥና ማን ማንን እንደመታ ሳታይ ድብድቡ ያልቃል። ኮሜዲው ስድብ ይደረድራል። ዳኛ ለዚህ ጀርባውን ቢሰጥ አይፈረድበትም።

መቀስ፦
እኔ ቪዲዮ ኤዲት እያደረግኩ ነው የምተዳደረው። ስለዚህ ማድ ማክስን በእጄ የማውቀው ያህል ነው የምከራከርለት።

ጠያቂዋ፣ ከልብሽ እንደተቆረቆርሽ ገብቶኛል፤ ግን እነዚያን ስድስት ሽልማቶች እንደ ማጽናኛ አትቁጠሪያቸው። ኤዲተሯ ማርጋሬት ሲክስል 480 ሰዓት ያህል ቀረጻ ነው የተሰጣት። ከዚያ ውስጥ የሁለት ሰዓት ፊልም አወጣች። ወደ 2,700 የሚጠጋ ቆረጣ፣ ማለትም ከአንድ ምስል ወደ ሌላ መዝለል፣ አለው። ይህን ያህል ከተቆራረጠ ፊልም ዓይን መድከም ነበረበት፣ ግን አይደክምም። ለምን? ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሚለር ዋናው ነገር ሁልጊዜ የፍሬሙ መሃል እንዲሆን አድርጎ ነው ያስቀረጸው። ፊት ከሆነ ፊቱ መሃል ላይ፣ ጠመንጃ ከሆነ ጠመንጃው መሃል ላይ። ምስሉ ሲቀየር ዓይንህ ያለበት ቦታ ላይ ቀጣዩ ነገር ይጠብቅሃል። ፍለጋ የለም።

አንድ ነገር ሞክሩ። ከማድ ማክስ የትኛውንም የማሳደድ ትዕይንት ከፍታችሁ ድምፁን አጥፉት። ጣታችሁን ስክሪኑ መሃል ላይ አድርጉ። ጣታችሁን ሳታንቀሳቅሱ ታሪኩን መከተል ትችላላችሁ። እኔ ይህን ባየሁ ጊዜ ሥራ ፈትቼ እንደ ትምህርት ደጋግሜ ነው ያየሁት። ሚዛን ያልከው የሚንቀጠቀጥ ካሜራ መኖሩን አልክድም። ግን ዘውጉ በሰነፎቹ አይለካም። ሰነፍ ድራማ ስንት አለ! አንዱ መስኮት አጠገብ ቆሞ ዝም ይላል፣ ፒያኖ ይገባል፣ ጥልቅ ነው ይባላል።

ጥላ፦
እኔ የሆረር ሰው ነኝ፤ የሚያንገበግበኝ ትወናው ነው።

ሄሬዲተሪን ያላየ ይህን አንቀጽ ይዝለለው። ልጁ ታናሽ እህቱ መኪና ውስጥ ትሞትበታለች። ቤት ይደርሳል፣ ለማንም ሳይናገር አልጋው ላይ ይጋደማል። ካሜራው ፊቱ ላይ ይቀራል። ይነጋል። እናትየው ወደ መኪናው ስትሄድ በድምፅ ብቻ እንሰማታለን። ከዚያ ጩኸቷ ይመጣል። እሷን አናያትም፤ የምናየው የልጁን የተከፈተ ዓይን ብቻ ነው። ሚዛን፣ አንተ ያልከው የበር ድንጋጤ ይሄ ውስጥ የት አለ? ሁሉንም አስቀድመን እናውቃለን። የሚያስፈራው ማወቃችን ነው።

የእናትየዋን ቦታ የተጫወተችው ቶኒ ኮሌት ለኦስካር አልታጨችም። ሉፒታ ኒዮንጎም አለች። በ2014 «12 ይርስ ኤ ስሌቭ» ላይ ባሳየችው ትወና አሸነፈች፣ ይገባታል። በ2019 «አስ» ላይ ግን ሁለት ሰው ሆና ተጫወተች። ሁለት አካሄድ፣ ሁለት ድምፅ፣ ሁለት ዓይነት ፍርሃት። እጩም አልሆነችም። ተዋናይዋ ያው ናት። የተለየው ዘውጉ ነው።

ወደ ኋላም ብንሄድ ያው ነው። የ1960ው «ሳይኮ» ውስጥ ቢላዋው ሲነሳ የሚሰማውን የቫዮሊን ጩኸት ፊልሙን ያላየ ሰው እንኳ ያውቀዋል። አቀናባሪው በርናርድ ኸርማን ለዚያ ሥራው አልታጨም። የፊልሙ ዳይሬክተር ሂችኮክም በምርጥ ዳይሬክተርነት አምስት ጊዜ ታጭቶ አንድም ጊዜ አላሸነፈም።

ሚዛን፦
ጥላ፣ የአልጋው ትዕይንት ላይ አልከራከርሽም፤ እንደገና አየዋለሁ። ግን ማስረጃሽ አንድ ጎን ብቻ ነው የሚያሳየው። ከሳይኮ 15 ዓመት በኋላ ጆን ዊሊያምስ ለ«ጆውስ» ሙዚቃ ኦስካር ወሰደ፤ ያም ሰው የሚያስፈራ ሙዚቃ ነው። ካቲ ቤትስ በ1991 በ«ሚዘሪ» አሸነፈች። ዴሚ ሙር በ«ዘ ሰብስታንስ» ታጨች። በትወና ዘርፍ በዓመት የሚታጩት አምስት ናቸው። ስድስተኛዋ ቀረች ማለት ተናቀች ማለት አይደለም። በየዓመቱ ግሩም የድራማ ተዋናዮችም ይቀራሉ።

ዋናው ነጥቤ ግን ሌላ ነው። ሽልማት ምን ይሠራል? ሰው ያላየውን ፊልም ሰው እንዲያየው ያደርጋል። ትልልቅ አክሽኖችና ኮሜዲዎች ተመልካች አላጡም፤ ሰው ራሱ ተሰልፎ ይገባላቸዋል። ጭብጨባቸውን አግኝተዋል። ማንም የማያየው ትንሽ ፊልም ግን ያለ ሽልማት ሜዳ ላይ ይቀራል። ጠግቦ ላደረው ደግመን እናጉርስ ወይ?

ዝምተኛዋ፦
ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የማልፈው፤ የሚዛን የመጨረሻ ነጥብ ግን ዝም አላሰኘኝም። ሽልማት ለተቸገረ ፊልም የሚሰጥ እርዳታ ከሆነ «ምርጥ» የሚለውን ቃል ከላዩ ላይ ማንሳት አለባቸው። ምርጥ ካሉ ምርጡን ይፈልጉ።

ኮሜዲን የጎዳው ደግሞ የሚታይበት ሁኔታ ይመስለኛል። ሳቅ ተላላፊ ነው። ሰው በሞላበት አዳራሽ አንዱ ፈንድቶ ሲስቅ ሌላው ይከተለዋል። ዛሬ የኦስካር ድምፅ ሰጪዎቹ ብዙ ፊልም የሚያዩት በየቤታቸው ነው። ኮሜዲን ለብቻህ፣ ደክሞህ፣ ስልክ እየጠራ ስታየው ግማሹ ይጠፋል። ድራማ ለብቻም ይሆናል። ሆረር እንዲያውም ለብቻ ሲሆን ይብሳል።

በዚያ ላይ ቀልድ ቋንቋ ሲሻገር ይሰበራል። ሞት በየትኛውም ቋንቋ ሞት ነው። የቃላት ጨዋታ ግን በትርጉም ጽሑፍ ሲወርድ ማንም አይስቅበትም።

የድሮ ሰው፦
ልጆቼ፣ የቋንቋውን ነገር ስላነሳችሁ ነው የምገባው። ድሮ ቋንቋ የማያስፈልገው ኮሜዲ ነበር። በ1928 የተሠራ «ስቲምቦት ቢል ጁኒየር» የሚባል ድምፅ አልባ ፊልም አለ። ማዕበል ከተማውን እያፈራረሰ ነው። ኮሜዲያኑ በስተር ኪተን አንድ ቤት ፊት ለፊት ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። የቤቱ የፊት ግድግዳ እንዳለ ተገንጥሎ ይወድቅበታል። ላይኛው ፎቅ ላይ ያለችው ክፍት መስኮት በትክክል እሱ የቆመበት ላይ ታርፋለች። ግድግዳው እውነተኛ ነው፣ ሰውየውም እሱ ራሱ ነው። አንድ እርምጃ ቢያዛንፍ ይሞት ነበር።

ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? አክሽን ነው? ኮሜዲ ነው? ሰው ትንፋሹን ይውጥና ወዲያው ይስቃል። ሁለቱ መሃል ልዩነት የለም። ለኪተን ያደረሱለት የክብር ኦስካር ብቻ ነው፣ እሱም በ1960፣ ካረጀ በኋላ። የእሱን መንገድ የተከተለው ጃኪ ቻንም አጥንቱን ሲሰብር ኖሮ በ2016 የክብር ኦስካር ሰጡት። የክብር ሽልማት ማለት «ያኔ ሳናይህ ቀረን» ማለት ነው።

መቀስ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ባሉት ላይ አንድ ልጨምር። ስታንተኞች፣ አደገኛውን ትዕይንት በተዋናዩ ፈንታ የሚሠሩት፣ ለአሥርተ ዓመታት ሲጠይቁት የነበረው ዘርፍ በመጨረሻ ተፈቅዷል። በ2027 ከሚወጡ ፊልሞች ጀምሮ የስታንት ዲዛይን ራሱን የቻለ ኦስካር ይኖረዋል። የመጀመሪያው በ2028፣ በ100ኛው ሥነ ሥርዓት ላይ ነው የሚሰጠው። መቶ ጊዜ! አልባሳት የሰፋው ሲሸለም፣ ፀጉር የሠራው ሲሸለም፣ ከፎቅ የወደቀው ስሙ አይጠራም ነበር። «ጆን ዊክ»ን ያዘጋጀው ቻድ ስታሄልስኪ እኮ «ዘ ማትሪክስ» ላይ የኪያኑ ሪቭስ ስታንት ደብል ነበር። ድብድቡን ካሜራውን አርቆ፣ ሳይቆራርጥ የሚያሳየን ለዚያ ነው። የወደቀ ሰው ስለሆነ አወዳደቁ እንዲታይ ይፈልጋል።

ጠያቂዋ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የግድግዳውን ነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር።

እንግዲህ ለስታንት ከተቻለ፣ ለምን ለኮሜዲና ለሆረርም ለየብቻ ዘርፍ አይከፈትም? ኮሜዲ ከኮሜዲ ጋር ይወዳደር። ቢያንስ በየዓመቱ አንድ ይሸለማል።

ጥላ፦
አይሆንም እህቴ! ጎልደን ግሎብ የሚባለው ሌላው የፊልም ሽልማት እኮ ድራማን ከኮሜዲና ሙዚቃዊ ፊልም ለይቶ ነው የሚሸልመው። ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ጌት አውት የኮሜዲው ክፍል ውስጥ ገባ። ጥቁር ሰው በነጮች ቤት የሚደርስበትን የሚያሳይ ፊልም በኮሜዲ ተመድቦ ሲታይ ብዙ ሰው አዘነ። «ዘ ማርሺያን» በ2016 ያሸነፈው በዚያው በኮሜዲ ክፍል ነው፤ ማርስ ላይ ብቻውን የቀረ ሰው ታሪክ! ክፍል ስትከፍቺ አምራቹ ማሸነፍ ወደሚቀልለት ይሄዳል። ሆረርም የራሱ ክፍል ከተሰጠው ከዚያች ክፍል አይወጣም። እኔ የምፈልገው ትልቁ ገበታ ላይ እንዲቀመጥ ነው።

ዝምተኛዋ፦
ከጥላ ጋር ነኝ። ከዚያ ይልቅ የኦስካር ሰዎች በ2025 ያወጡት ደንብ ይሻላል። የመጨረሻውን ድምፅ ለመስጠት በዚያ ዘርፍ የታጩትን ፊልሞች በሙሉ ማየት ግዴታ ሆኗል። እስከዛሬ ግዴታ አለመሆኑ ነው የሚገርመው። «ሆረር አልወድም» ብሎ ሳያይ የሚፈርድ ዳኛ ቢያንስ አሁን ቁጭ ብሎ ያያል። ግን ደንቡ የሚሠራው ለታጩት ነው። ለመታጨትስ?

ሚዛን፦
ትናንት ማታ ቃሌን ጠብቄ ሄሬዲተሪን ደግሜ አየሁት። መብራት አጥፍቼ።

የአልጋውን ትዕይንት በተመለከተ ተሸንፌያለሁ። የራት ጠረጴዛው ላይ ቶኒ ኮሌት ልጇ ላይ የምትጮህበት ደግሞ አለ። ቁጣው መሃል ይቅርታ ልትጠይቅ ትፈልጋለች፣ ግን አፏ እምቢ ይላታል። በዚያ ዓመት ከታጩት አምስት ውስጥ ቦታ ሊኖራት ይገባ ነበር። ይህን በግልጽ እላለሁ።

የፊልሙ ማብቂያ ላይ ግን አሁንም አልተለወጥኩም። ሐዘኑን እየተከተልኩ ቆይቼ መናፍስቱ ሲመጡ ፊልሙ ከእጄ ወጣ። ሰዎቹን ትቶ ማስፈራቱን ያዘ። ሽልማት የነፈገው ዳኛም እዚያ ላይ ተስፋ ቆርጦ ይሆናል። ትንሹን ፊልም ስለማገዝ ያልኩትንም አልተውኩም።

ጥላ፦
ስላየኸው አመሰግናለሁ፣ ከልቤ ነው። በማብቂያው አልስማማም። መናፍስቱ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ እዚያው ነበሩ፣ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን ተመልከት። ይሄ ግን ሌላ ቀን ያስፈልገዋል።

ጠያቂዋ፦
እኔ ዛሬ ማታ የጋሼን ፊልም ነው የማየው። ያንን ጓደኛዬንም ጋብዤዋለሁ። ምንም አልነገርኩትም። ግድግዳው ሲወድቅ እሱን ነው የማየው።