የኤኤቪ ፕላስሚዴ ማክሲ ላይ ሲደርስ አይቲአር ይጥላል

በአስትሮሳይቶች (የአንጎል ደጋፊ ሴሎች) መካከል ያለውን የጋፕ ጃንክሽን (ጎረቤት ሴሎችን በቀጥታ የሚያገናኝ ቀዳዳ) ግንኙነት ለማጥናት የኤኤቪ (ጂን ወደ ሴል የሚያደርስ ቫይረስ) ፕላስሚድ፣ ማለትም ክብ ዲኤንኤ፣ እየሠራሁ ነው። አይቲአር የምለው ከሚታሸገው ክፍል ግራና ቀኝ ያሉትን፣ ቫይረሱ ዲኤንኤውን ለማሸግ የሚፈልጋቸውን ጫፎች ነው። ፕሮሞተሩ (ጂኑን የሚያስነሳው ክፍል) ጂኤፍኤቢሲ1ዲ ነው፤ 700 ቤዝ እንኳ ስለማይሞላ ቦታ አይፈጅም። ቀጥሎ ኤምቼሪ (ቀይ የሚያበራ ፕሮቲን)፣ ፒ2ኤ (ሁለቱን ፕሮቲኖች የሚለያይ አጭር ክፍል)፣ መጨረሻ ላይ ኮኔክሲን 43 (ጋፕ ጃንክሽኑን የሚሠራው ፕሮቲን)። ኮኔክሲኑን መጨረሻ ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው፤ ጅራቱ ዜድኦ-1 ከተባለ ሌላ የሴል ፕሮቲን ጋር የሚያያዝበት ስለሆነ ምንም እንዲለጠፍበት አልፈለግኩም። ካሴቱ (የሚታሸገው ክፍል) ቫይረሱ ከሚሸከመው የ4.7 ኪሎቤዝ ጣሪያ በታች ነው፣ ችግሩ እዚያ አይደለም።

ሚኒፕሬፑ (ከትንሽ የባክቴሪያ እርባታ የወጣው ዲኤንኤ) ጥሩ ነው። ማክሲ (ከትልቅ እርባታ) ስሠራ ግን ነገር ይበላሻል። ስማ-1 የተባለው ዲኤንኤ ቆራጭ ኢንዛይም እዚህ ፕላስሚድ ላይ አይቲአሮቹን ብቻ ነው የሚቆርጠው፤ ስለዚህ ጄሉ ላይ ሁለት ባንድ መውጣት አለበት። ከሁለቱ በላይ ግን ደብዘዝ ያለ ሦስተኛ አለ፤ መጠኑ አንድ ቦታ ብቻ የተቆረጠ ሙሉ ፕላስሚድ ያህል ነው። ከፊሉ አንድ አይቲአር ጥሏል ማለት ነው።

ባክቴሪያው ስቴብል 3 ነው፣ እንዲህ ያለ ያልተረጋጋ ዲኤንኤ ለማሳደግ የሚያገለግል ዝርያ። በ30 ዲግሪ አሳደግኩት፣ ከአዲስ ኮሎኒ ጀመርኩ፣ ሳይጠግብ ሰበሰብኩት። ያው ነው። ሳንገር ሲኩዌንሲንግም (የዲኤንኤ ፊደል ንባብ) አይቲአሩ በራሱ ላይ የሚታጠፍበት ሄርፒን ጋ ሲደርስ ቀጥ ይላል፣ ብዙም አልጠቀመኝም።

ከዚሁ ከተቀላቀለው ማክሲ እንደገና ትራንስፎርም አድርጌ (ዲኤንኤውን ባክቴሪያ ውስጥ አስገብቼ) ንጹህ ኮሎኒ ልፈልግ፣ ወይስ ካሴቱን አውጥቼ አይቲአሩ ወደተረጋገጠ ሌላ ባክቦን (ካሴቱን የሚሸከም የፕላስሚድ አካል) ላዛውረው?