ጥቆማ፦ የኤስኤስአይኤስ (የኤስኪውኤል ሰርቨር ዳታ ማዘዋወሪያ መሣሪያ) ፓኬጅ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያና ከሚሴ ሰርቨሮች በምን ዘዴ ይጫን?

ጥያቄ፦ ፓኬጆቹ፣ ማለትም ዳታ የሚያዘዋውሩት የሥራ ፋይሎች፣ የሚዘጋጁት ደሴ ነው። ኮምቦልቻ ኤስኪውኤል ሰርቨር 2016፣ ወልዲያ 2019፣ ከሚሴ ገና 2008 አር2 ነው። እስካሁን ፋይሉ በፍላሽ እየተገለበጠ፣ የሰርቨር ስምና የይለፍ ቃሉ በየቦታው በእጅ እየተቀየረ ነው። የተሻለ መንገድ ጠቁሙን።

መልስ፦ ለኮምቦልቻና ለወልዲያ ሳታመነቱ የፕሮጀክት ዲፕሎይመንት (ፓኬጆቹን በአንድነት የመጫን ዘዴ) ተጠቀሙ። ፕሮጀክቱ ቢልድ ሲደረግ አንድ የአይኤስፓክ ፋይል ይወጣል፤ እሱኑ ሳትነኩ ሁለቱም ጋ ትጭናላችሁ። ታርጌት ሰርቨር ቨርዥኑን (ፓኬጁ ለየትኛው የሰርቨር ስሪት እንደሚሠራ የሚወስነውን ምርጫ) 2016 ላይ አድርጉት፤ 2019 ያንን ያስኬዳል፣ ለ2019 የተሠራው ግን 2016 ላይ አይሠራም።

በየሰርቨሩ ሲኤልአር (ዳታቤዙ ውስጥ የዶትኔት ኮድ የሚያስኬደውን) ፍቀዱና የኤስኤስአይኤስዲቢ ካታሎግ (ፓኬጆቹ የሚቀመጡበትን ዳታቤዝ) ፍጠሩ። የሰርቨር ስም፣ የዳታቤዝ ስምና የፎልደር አድራሻ ፓኬጁ ውስጥ አይጻፉ፤ በፓራሜትር (ከውጭ በሚሞላ ዋጋ) ይግቡ። ቀጥሎ ሁለቱም ቦታ በአንድ ስም ኢንቫይሮመንት (ለፓራሜትሮቹ ዋጋ የሚሰጡ ተለዋዋጮች ስብስብ) ክፈቱ፣ ይዘቱን ግን እንደየከተማው ሙሉት። የይለፍ ቃሉን ሴንሲቲቭ (ሚስጥራዊ) ብላችሁ ምልክት አድርጉበት፣ ተመስጥሮ ይቀመጣል። ዋናው ጥፋት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፦ ፕሮጀክቱ ከኢንቫይሮመንቱ ጋር ካልተያያዘና ፓራሜትሮቹ ከተለዋዋጮቹ ጋር ካልተገናኙ፣ ወልዲያ ላይ የተጫነው ፓኬጅ በዲዛይን ጊዜ የተሞላውን የደሴ አድራሻ ይዞ ይሄዳል። ጆቡ (ፓኬጁን በሰዓቱ የሚያስኬደው የኤስኪውኤል ሰርቨር ኤጀንት ሥራ) ተሳካ ይላል፣ ዳታው ግን የሌላ ቤት ነው። ኤጀንት ጆቡ ላይም ኢንቫይሮመንቱን መምረጥ አትርሱ።

የመጫኛው ዊዛርድ በዊንዶውስ መለያ እንጂ በኤስኪውኤል መለያ አያስገባም። ቅርንጫፎቹ ዶሜይን (የጋራ የዊንዶውስ መለያ ሥርዓት) ከሌላቸው ፋይሉን ላኩና ሪሞት ዴስክቶፕ ገብታችሁ እዚያው ጫኑት።

ሌላ መልስ፦ ከሚሴን በዚህ መንገድ አትሞክሩት፤ ካታሎጉ የመጣው ከ2012 ጀምሮ ነው። በፋይል ዲፕሎይ አድርጋችሁ በዲቲኤክሴክ (ፓኬጅ በሚያስኬደው ትእዛዝ) ማስኬድ ይቻላል፣ ግን ፓኬጁን በ2008 መሣሪያ ለብቻው መሥራት ይጠይቃል። ሁለት ኮፒ ማስተካከል ደግሞ ውሎ አድሮ መለያየት ያመጣል። የእኔ ምክር የኮምቦልቻው ሰርቨር ከሚሴን እንደ ምንጭ ብቻ እንዲያነብ ነው። መስመር ሲቋረጥ ግን ትራንዛክሽን (ሁሉም ይግባ ወይም ምንም አይግባ የሚል አሠራር) ካልተበጀለት ከረድፎቹ ከፊሉ ብቻ ገብቶ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ መሸጋገሪያ ቴብል ይጫን፤ ቴብሉ በየሩጫው መጀመሪያ ይጽዳ፣ ወደ ዋናው ቴብል የሚሻገረው ሁሉም ከገባ በኋላ ይሁን።

በፋይል ለሚሄዱ፦ ፕሮቴክሽን ሌቭሉ (ፓኬጁ ሚስጥሩን የሚጠብቅበት ምርጫ) ሳይነካ ከተተወ የይለፍ ቃሉ በሠራው ሰው የዊንዶውስ መለያ ይመሰጠራል፣ ሌላ ማሽን ላይ አይፈታም። ዶንት ሴቭ ሴንሲቲቭ (ሚስጥሩን አታስቀምጥ) አድርጉትና የይለፍ ቃሉን ከኮንፊገሬሽን (ከፓኬጁ ውጭ ካለ ማስተካከያ) አስገቡ።

መልስ፦ ሁለቱም ያሉት ልክ ነው፣ ከተጫነ በኋላ ያለውን ልጨምር። ካታሎጉ የሩጫ ታሪክ የሚይዘው ካልተቀየረ 365 ቀን ነው፤ ትንሽ ዲስክ ላይ ይሞላል፣ ወደ 60 ቀን አውርዱት። የቀድሞ ቨርዥን እስከ 10 ይይዛል፤ አዲሱ ከተበላሸ ፕሮጀክቱን ቀኝ ክሊክ አድርጎ ወደ ቀድሞው መመለስ ነው። ኤክሴል የሚያነብ ፓኬጅ ካላችሁና የተጫነው ድራይቨር 32 ቢት ብቻ ከሆነ፣ ጆቡ ላይ 32 ቢት ምረጡ። ባክአፕ ስትወስዱ የካታሎጉን ማስተር ኪይ (ዋና የምስጠራ ቁልፍ) እና ይለፍ ቃሉን ለብቻ አስቀምጡ፤ ያለ እነሱ ሌላ ሰርቨር ላይ ሪስቶር ቢደረግም የተመሰጠረው አይከፈትም።