«በሞቴ» ለፈረንጅ እንግዳ ይቅር ወይስ አይቅር?

የጀልባው ጋይድ፦ ሰላም የባህር ዳር ልጆች! የዛሬው ክርክር ይሄ ነው። ዘጌ ቱሪስት ይዘን ስንሄድ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ካሳየን በኋላ ሰው ቤት ቡና እናስጠጣለን አይደል፣ አሁን አንዳንድ ጋይዶች ለእናቶች «እንግዳው አንዴ በቃኝ ካለ ተዉት፣ አታጉርሱት፣ በሞቴ አትበሉት» ብለን አስቀድመን እንንገራቸው እያሉ ነው። ሌሎቹ ደሞ ባህል ሊያይ የመጣን ሰው ባህሉን ደብቀን ምን ልናሳየው ነው ይላሉ። እናንተስ?

ያባይ ዳር ልጅ፦ አይቅር!! ቤተክርስቲያን ጫማ አውልቅ ሲባል ያወልቃል፣ ክብራን ገብርኤል ሴት አትገባም ስትባል ጀልባ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፣ ቫቲካን ራሱ ቅዱስ ጴጥሮስ ትከሻና ጉልበቱን ያልሸፈነ አይገባም። እዛ ሁሉ እሺ ያለ ሰው አንድ ጉርሻ ምን አድርጋው ነው? የኛ ሲሆን ብቻ ማስጨነቅ ይባላል።

ፍራንክፈርት ያለሁት፦ ወንድሜ ቀስ። እኔ እዚህ እንደመጣሁ ሰሞን አንድ ጀርመን የስራ ባልደረባዬ ቤቱ ጠርቶኝ ኬክ ትበላለህ ሲለኝ በይሉኝታ አይ በቃኝ አልኩት፣ እሺ ብሎ ሰሃኑን ይዞ ኪችን ገባ ኪኪኪ፣ ሁለተኛ የሚጠይቅ የለም፣ እየራበኝ ቤቴ ገባሁ። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ቃሌን ማክበሩ ነው። ኢራኖች ደሞ ከኛም ይብሳሉ፣ ታሮፍ የሚሉት ነገር አላቸው፣ ባለታክሲው ሂሳብ ስንት ነው ስትለው ተወው ምንም አይደል ይልሃል፣ የምሩን መስሎህ ከወረድክ ጉድ ፈላ፣ ደጋግመህ እንድትለምነው ነው የሚጠብቀው።

ሲስተር፦ እኔ በጤና በኩል ነው የማየው። ኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ሰው በትንሽ ነገር ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል፣ ግሉተን የማይስማማው ደሞ ጤፍ ይችላል ግን እንጀራው ላይ ገብስ ከተደባለቀ አለቀለት። የፎገራ ሩዝ የተቀላቀለበት ከሆነ ችግር የለም፣ ግን በጨለማ ቤት ውስጥ አፉ ላይ ስታስገቡለት ምን እንደሆነ በምን ያውቃል?

ያባይ ዳር ልጅ፦ ሲስተር አንቺ ደሞ ሁሉን በሽታ ታደርጊዋለሽ። ኮሪያኖች ሥጋውን በሰላጣ ቅጠል ጠቅልለው ለሚወዱት ሰው አፉ ውስጥ ያደርጋሉ፣ ያውም በአንድ ጊዜ ነው የሚጎረሰው። ዕቃም በሁለት እጅ ነው የሚቀበሉት። ኮሪያ የዘመተው የኛ ቃኘው ሻለቃ አስተምሯቸው መጥቶ ይሆናል ኪኪኪ

የጀልባው ጋይድ፦ ጃፓኖቹስ? በቾፕስቲክ ይዘህ ወደ ሌላ ሰው ቾፕስቲክ ምግብ ማቀበል እነሱ ጋ ትልቅ ነውር ነው፣ አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ አጥንቱን እንደዛ እየተቀባበሉ ስለሚያነሱት። ሁሉም እስያ አንድ አይደለም።

የዘጌዋ፦ ቡናውን የምታፈላው እናቴ ስለሆነች እኔም ልናገር። ሁላችሁም የምታወሩት እናቶቻችን ማንንም እጁን ጠምዝዘው የሚያበሉ አስመስላችሁ ነው። እናቴ ጾመኛ ነኝ ያላትን ሰው አንድ ቀን በሞቴ ብላ አታውቅም፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለሰርግ ሲመጡም አራጁም ወጥ ሰሪውም ድስቱም የራሳቸው ነው፣ ከኛ ሥጋ ቅመሱልኝ የሚል ባለጌ ሰው ሰፈራችን ውስጥ የለም፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሂንዱ ጋሽዬ ይዛችሁልን ብትመጡም የከብት ሥጋ በሃይማኖቴ ክልክል ነው ካለ ወዲያው ሽሮ ነው የሚቀርብለት። ማለት የፈለግኩት እኛ ምክንያት ከሰማን እንተዋለን፣ ፈረንጁ ግን ኖ ብቻ ብሎ ዝም ይላል፣ ዝም ያለ ሰው ደሞ ያፈረ ነው የሚመስለን፣ እያፈረ ርቦት እንዳይሄድ ነው እንግዲህ በሞቴ የሚመጣው። ስለዚህ ንግግሩ ለእናቴ ሳይሆን ጀልባው ላይ ለቱሪስቱ ይሁን፣ ምክንያትህን ተናገር፣ ቡናው አቦል ቶና በረካ ሶስት ነው፣ መጀመሪያ ላይ ተነስተህ አትሂድ በሉት። እዛ ላይ ሞተሩ እየጮኸ ዝም ብላችሁ ፎቶ ከምታነሷቸው።

ፍራንክፈርት ያለሁት፦ ይሄን ወድጄዋለሁ፣ ግን ምክንያት የሌለውስ? ጠግቤአለሁ ማለት ራሱ ለእነሱ በቂ ምክንያት ነው።

የዘጌዋ፦ ጠግቤአለሁማ እኛም እንላለን፣ ማን ያምናል።

ሲስተር፦ ኪኪኪ እሱስ ልክ ነሽ። ግን ስለ አለርጂው ለእናቶችም መነገር አለበት፣ እዛ ላይ ቱሪስቱ ብቻ አይበቃም፣ ምግቡ ውስጥ ያለውን የሚያውቀው የሰራው ነው።

ያባይ ዳር ልጅ፦ ሐኪም ከልክሎኛል በሉ ብላችሁ ውሸት ልታስተምሯቸው ነው እንዴ

የዘጌዋ፦ አንተስ ጠላ ሲበዛብህ ምን ትላለህ?

ያባይ ዳር ልጅ፦ መድኃኒት ጀምሬአለሁ 🙈

የጀልባው ጋይድ፦ በሉ እሺ፣ ከቅዳሜው ጉዞ ጀምሮ ጀልባ ላይ እነግራቸዋለሁ፣ ኦቾሎኒና ገብሱን ደሞ የቤቱን እናት ቀድሜ እጠይቃለሁ። ግን አንድ ጥያቄ ቀረኝ፣ ጀልባው የሚመለስበት ሰዓት ከደረሰስ ቶና ላይ መነሳት ይቻላል?

የዘጌዋ፦ አይቻልም። ቀድመህ አምጣቸው።